ጥሬ አላቀርብም

ገዱ ወልደ ሩፋኤል የሰሜንን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች ሲያበስል ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደባርቅ ላይ ስንቁን በበቅሎ ያስጭናል፤ ሳንቃ በር ከሚባለው የተራራ ሰፈር ሲደርስ የላምባ ምድጃውን ከነፋስ ከልሎ ድስቱን ይጥዳል። በዚህ ሁሉ ዘመን በምግቡ ቅር ብሎት የሄደ እንግዳ አያስታውስም። ዘንድሮ ግን በአብሳዮች ማኅበር በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የብቃት ማረጋገጫ የሌለው አብሳይ ከእንግዳ ጋር መውጣት አይችልም የሚል።

የገዱ ምዘና የተደረገው ደባርቅ ባለው ኮሌጅ ወጥ ቤት ነው። መዛኙ ቴዎፍሎስ የሚባል ወጣት ነበር፤ ከወይና ደጋ ከተማ የተላከ። ገዱ ሾርባውን አውርዶ መኮሮኒውን ጣደ። ስምንት ደቂቃ እንደሞላ ቴዎፍሎስ ሰዓቱን አየና፣

«ይበቃል፣ ያውርዱት» አለ።

ገዱ አንድ ፍሬ አውጥቶ ነከሰ። «ልቡ ገና ነው።»

«ወረቀቱ ስምንት ደቂቃ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ወረቀቱን እንቀቅለው! ወንድሜ፣ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም። እኔ ለሰው ጥሬ አላቀርብም።»

አላወረደም። እስኪበስል ድረስ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ቴዎፍሎስም «ገና ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ስጦታ የምትባል የኮሌጁ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ መጣች። ኮሌጁን ከቀጣሪዎችና ከትምህርት ቤቶች ጋር የምታገናኘው እሷ ናት።

«ጋሼ ገዱ፣ በሚቀጥለው ወር በድጋሚ ይመዘናሉ። ለአንድ ቀን ብቻ በስምንት ደቂቃ ያውርዱልኝ» አለችው።

«ለምን ተጨነቅሽ?»

ስጦታ አቀረቀረች። «ዳባትም በየዳም ሄጄ በየትምህርት ቤቱ ለወላጆች ቃል ገብቻለሁ። ልጆቻችሁ ከማኅበሩ አብሳዮች ሥር ሆነው ይለማመዳሉ ብያለሁ። አሠልጣኙ ማረጋገጫ ከሌለው ደግሞ ልጆቹን መስጠት አንችልም።»

«ልጆቹን እንዳስተምርላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ እኔን ደግሞ መዋሸት ታስተምሩኛላችሁ?» ገዱ ተነሣ። «መዛኙ ሳንቃ በር ይውጣ። በምሠራበት ቦታ ይመዝነኝ። እስከዚያ ማኅበሩ ልጆቹን ለመቀበል ውል አይፈርምም።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር ቢሆንም ይህን ሲናገር አባላቱን ገና አላማከረም ነበር። በማግስቱ ሌሎቹን አሥራ አንድ አብሳዮች ሰብስቦ ነገራቸው። አለነ የሚባለው ጓደኛው፣ «ሥራ ብናጣስ?» አለ። ገዱም «ያለ ሥራ መዋል ያሳፍራል፤ አውቀን ጥሬ ማብላት ግን ይብሳል» አለው። ሁሉም ሳንቃ በር ካልሆነ አንመዘንም አሉ።

ስጦታ በመጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ግን በቢሮዋ ማንቆርቆሪያ መኮሮኒ ቀቅላ ሞከረችው፤ እውነትም በስምንት ደቂቃ አልበሰለም። ከዚያ በኋላ ቴዎፍሎስን ሳንቃ በር እስኪወጣ ድረስ አላስቀመጠችውም።

የወጡበት ቀን ነፋሱ ድንኳን የሚነቅል ነበር። ስምንት ደቂቃ ሲሞላ ገዱ ሹካውን ለመዛኙ ሰጠው። ቴዎፍሎስ አላመጠ፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ተፋው።

«ይቀጥሉ» አለ በቀስታ።

የዚያን ቀን ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አለፉ። ገዱ ግን እንደገና ወደቀ። ጥሬ ዶሮ በቆራረጠበት መክተፊያ፣ ሳያጥበው፣ ቲማቲም ከትፎበት ነበር።

አለነ ለጠብ ተነሣ። ገዱ በእጁ መለሰውና መዛኙን፣ «ይህ ጥፋቴ ነው፤ ጻፈው። ያንን የፊተኛውን ግን ሰርዘው» አለው።

«አንዴ የገባ ውጤት አይሰረዝም።»

«እንግዲያው እኛም አንፈርምም።»

ዘጠኙ ማረጋገጫ ቢያገኙም አንዳቸውም ከቃላቸው አልወጡም። ሰልጣኞቹ ሁለት ሳምንት ኮሌጁ ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ፤ ወላጆች ከዳባት እየመጡ ስጦታን ይወቅሷት ጀመር። እሷም አቤቱታዋን ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ስታመላልስ ሰነበተች። በመጨረሻ የፊተኛው ውጤት መሰረዙን፣ የማብሰያው ጊዜም እንደየቦታው ከፍታ እንዲሆን መወሰኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ገዱ ሁለት ጊዜ አስነበባትና በማኅበሩ ስም ፈረመ።

በማግስቱ ኮሌጁ ገብቶ ስለ ምግብ ንጽሕና ለመማር ከልጆቹ ጋር ዴስክ ላይ ተቀመጠ።

«በሃምሳ ሦስት ዓመትህ ተማሪ ሆንክ?» አለው አለነ እየሳቀ።

«የማላውቀውን መማር መቼ ጠላሁ? እምቢ ያልኩት የማውቀውን ተው ሲሉኝ ነው።»

በሦስተኛው ምዘና አለፈ። ኅዳር ሲገባ አራት ሰልጣኞች ይዞ በራስ ዳሽን ሥር ወዳለችው አምቢኮ ወጣ። ሁለቱ የበየዳ ልጆች ነበሩ፤ መንገዱን ከእሱ ይልቅ ያውቁት ስለነበር ከፊት እነሱ መሩ።