የሙሽራው ኮት ካራ ለቅሶ ሄደ

ተክሌ ቀበና ድልድዩ አጠገብ ላውንደሪ ከከፈተ ጀምሮ የሰው ልብስ ጠፍቶበትም ተቀያይሮበትም አያውቅም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ልብሱ ላይ የባለቤቱን ስም መለጠፍ ለእሱ እንደ ስድብ ነበር፤ ትከሻውን አይቶ የማን እንደሆነ ያውቃል። ሚስቱ አሳየች ይህ ኩራት አንድ ቀን ጉድ እንደሚያደርገው ስትነግረው፣ የሰፈሩን ጸሎት ቤት መዘምራን አንድ ዓይነት ልብስ እንኳ ለየባለቤቱ ለይቶ እንደሚያስረክብ ያስታውሳታል። እሷም ትተወዋለች።

እንዲህ እያለ ጌድዮን የሚያገባበት ቅዳሜ ደረሰ። ጌድዮን የጸሎት ቤቱ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ቀጭንና ረጅም ልጅ ነው። የሠርጉን ጥቁር ሙሉ ልብስ እንዲተኩስለት ለተክሌ ሰጥቶታል። በዚያው ሰሞን አቶ ዋቅጅራም ጥቁር ኮታቸውን ለእጥበት አምጥተው ነበር። አቶ ዋቅጅራ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ አጠር ብለው ደንደን ያሉ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ማለዳ አቶ ዋቅጅራ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። ካራ የሚኖሩት አጎታቸው አቶ በዳዳ አርፈዋል፤ ቀብሩም ዛሬ ነው። ተክሌ አዘነ። እያጽናናቸው ኮቱን ከመስቀያው አወረደ፤ እያጽናናቸው በላስቲክ ሸፈነው፤ እያጽናናቸው ታክሲ ድረስ ሸኛቸው።

ብዙም ሳይቆይ የጌድዮን እህት ጵርስቅላ የሙሽራውን ልብስ ልትወስድ መጣች። ሱሪውም ሰደርያውም ልክ ነው። ኮቱን ዘርግታ ስታየው ግን ወርዱ ለሁለት ጌድዮን ይበቃል፤ እጅጌው ደግሞ ከክርን ብዙም አያልፍም።

"ተክሌ፣ ወንድሜ እስከ ስድስት ሰዓት እንዲህ አይወፍርም" አለችው።

ተክሌ የሙሽራው ኮት ካራ መሄዱ ገባው። ስልክ እንዳይደውል፣ ያኔ ሞባይል የያዘ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሰው እስኪሰማው የሚጮህ ብርቅ ሰው ነበር፤ አቶ ዋቅጅራ ደግሞ የላቸውም። ጵርስቅላ ከተሰቀሉት ጥቁር ኮቶች ለወንድሟ የሚሆነውን እንዲያውሳት ለመነችው። ለግማሽ ቀን ነው፣ ባለቤቱም አያውቅም። አሳየችም ነገሩ ክፋት እንደሌለው ተናገረች።

"አንዱን ኮት ሳላውቅ ሰጠሁ" አለ ተክሌ፤ "ሌላውን አውቄ ልስጥ?"

የአቶ ዋቅጅራን ኮት ክንዱ ላይ ጥሎ ወጣ።

መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሮ፣ ኮተቤን አልፎ ካራ ሲወርድ የለቅሶውን ቤት መጠየቅ አላስፈለገውም። ሰዉ ሁሉ ወደ ገመገሙ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ወደተተከለው ድንኳን ይሄዳል። እሱም ተከተለ።

አቶ ዋቅጅራ ከፊት ቆመዋል። አቋቋማቸው ግን ጤነኛ አይመስልም። ሁለት እጃቸው ከጎናቸው ርቆ ተገትሯል፤ ለቀስተኛ ሊያቅፋቸው ሲመጣ አንገታቸውን ብቻ ያዘነብላሉ። ተክሌ አጠገብ የነበሩ ሴቶች፣ አጎቱን ምን ያህል ቢወድ ነው ሐዘኑ እንዲህ ያደረቀው እያሉ ያለቅሳሉ። ያደረቃቸው የጌድዮን ኮት መሆኑን የሚያውቀው ተክሌ ብቻ ነው።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ኮት ማውራት ነውር ነው። ስለዚህ ተራውን ጠብቆ ጠጋ አለና አቀፋቸው። ማልቀሱ አላስቸገረውም፤ ሙሽራውን ሲያስብ እንባው በራሱ መጣ።

"አቶ ዋቅጅራ፣ የለበሱት ኮት የእርስዎ አይደለም" አለ በጆሯቸው።

አቶ ዋቅጅራ እጅጌውን ቁልቁል አዩ። "እኔኮ ከጠዋት ጀምሮ በአጎቴም በውፍረቴም እያዘንኩ ነው" አሉ።

ተያይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ሄዱ። ኮቱ ግን አልወጣ አለ። አቶ ዋቅጅራ ጎንበስ አሉ፣ ተክሌ ከኋላ ያዘና ሳበ፣ አንደኛው እጅጌ ወጥቶ ሁለተኛው ክርናቸው ላይ ተቀረቀረ። በዚህ መሀል አንድ ዘመድ ብቅ ሲል፣ የማያውቀው ሰው ሐዘንተኛውን እየገፈፈ ነው። ሌባ ብሎ ጮኸ። ተክሌ ደንግጦ አንዴ ሲጎትተው ኮቱ ወጣ፤ የጀርባው ስፌት ግን ተተረተረ።

ሰዉ ከበባቸው። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዳርቱ ሳይቀሩ መጡ። በኦሮምኛ ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ፤ አቶ ዋቅጅራ በሸሚዝ እንደቆሙ፣ የራሳቸውን ኮት ከተክሌ እየተቀበሉ በኦሮምኛ አስረዷቸው። ወይዘሮ ዳርቱ ወደ ተክሌ ዞሩ።

"ለኮት ብለህ ነው ከቀበና የመጣኸው?"

"ሙሽራው እየጠበቀ ነው፣ እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ወይዘሮ ዳርቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ዙሪያውን የቆሙት ያለቀሱ መስሏቸው አብረው አለቀሱ፤ ቀረብ ብሎ የቆመው ተክሌ ግን ሳቅ መሆኑን አየ። እንባቸውን ጠራርገው ሲያበቁ፣ አግዳሚ ወንበር በአይሱዙ ጭኖ የመጣውን የወንድማቸውን ልጅ ነገሳን ጠሩና ይህን ሰው ሠርጉ ቦታ አድርስ አሉት።

ተክሌ የልብስ ሰው ነውና መርፌና ክር ከደረት ኪሱ አይጠፋም። ነገሳ እየነዳ ተክሌ ይሰፋል። ኮተቤ መንገድ ላይ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር መርፌው ጣቱን ይወጋዋል። ነገሳ ቀስ ልንዳ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ጣት ይድናል፣ አንተ ንዳ አለው።

ጸሎት ቤቱ ሲደርሱ ሙሽራይቱ ገብታለች፤ መዘምራኑ የሚያውቁትን ሁሉ ዘምረው ጨርሰዋል። መጋቢ ወልደ ሐዋርያት ጊዜ ለመግዛት የጋብቻን ትምህርት ከአዳም ጀምረው ያዕቆብ ላይ ደርሰዋል። ጌድዮን ጓዳ ውስጥ በሰደርያ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ተክሌ ኮቱን አለበሰው፣ ትከሻውን በመዳፉ ጠረግ አደረገለትና የተፈጠረውን አንድም ሳይደብቅ ነገረው። ጌድዮን ስለ ስፌቱ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ያዕቆብ ራሔልን ሊያገባ ስለደረሰ ለቁጣ ጊዜ አልነበረውም።

ተክሌ ከኋላ ቆሞ ሥነ ሥርዓቱን ተከታተለ። ቃል ኪዳኑን አልሰማም፤ ዓይኑ የሙሽራው ጀርባ ላይ ነበር። ጌድዮን የሙሽራይቱን ዓይነ ርግብ ሊገልጥ ሁለት እጁን ሲያነሳ ተክሌ ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ሰዉ ያጨበጭባል፤ ስፌቱም አልተፈታም።

ማታ ቤቱ ገብቶ እራት አልበላ አለ። ስሙ እንደጠፋ፣ ከእንግዲህ ማንም ልብስ እንደማያመጣለት ለአሳየች ነገራት። እሷም ነግሬህ ነበር ለማለት ጀምራ፣ የተወጋጋውን ጣቱን ስታይ ተወችው።

ሰኞ ግን ላውንደሪው ከወትሮው የበለጠ ሰው መጣበት። ነገሳ ታሪኩን በየደረሰበት አውርቶ ነበር። ወሬው ከካራ ተነስቶ በኮተቤ በኩል ቀበና እስኪደርስ ግን ሌላ ሆኗል። ጎረቤታቸው ጠይባ ሁለት ቀሚስ ይዛ መጥታ፣ ኮቱን ከሬሳው ላይ ያወለቅከው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ተክሌ ሊያስተባብል አፉን ሲከፍት አሳየች እግሩን ረገጠችው። ጠይባ ስትወጣም፣ አንተ ዝም በል፣ ሰው እየመጣ ነው አለችው።

ለእሱ ግን ቀላል አልሆነለትም። መሳሳቱን ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም ይናገር ጀመር። ከዚያ ወዲህ የሰው ልብስ ሲያስረክብ፣ ባለቤቱ እዚያው ለክቶ ካላሳየው አይለቅም። ለቸኮለ ደንበኛ ይህ ትንሽ አስቸጋሪ ነበር።

ሐዘኑ በረድ ሲል፣ አንድ ቀን ነገሳ አይሱዙውን በር ላይ አቆመ። ወይዘሮ ዳርቱ የአቶ በዳዳን ወፍራም ካፖርት ይዘው ወረዱ። ታጥቦ ለልጃቸው እንዲሆን ፈልገዋል። ተክሌ ተደስቶም አፍሮም፣ ኮተቤም መገናኛም ላውንደሪ ሞልቶ ሳለ ለምን እዚህ ድረስ እንደለፉ ጠየቃቸው።

"ጠየቅኳቸው" አሉ ወይዘሮ ዳርቱ። "ሁሉም እኛ አንሳሳትም አሉኝ። ቢሳሳቱ ካራ ድረስ የሚመጣልኝ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቅኩም።"

አሳየች ወንበር ሰጠቻቸው። ተክሌ ካፖርቱን ሰቅሎ ሲመለስ፣ ሰው ስለ ሬሳው የሚያወራው ውሸት እንደሆነና ለሚጠይቃቸው ሁሉ እውነቱን እንዲነግሩለት ለመናቸው። ወይዘሮ ዳርቱ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተወው እንደዚያው ይወራ" አሉ። "በዳዳ ሳቅ ካለበት ቦታ መቅረት አይወድም ነበር።"