የምሥራቁ ጥግ አፈር

ሹዌን በታይዋን ምዕራብ ዳርቻ ባለ አንድ ወደብ የአፈር መሐንዲስ ነበረች። ባሕር ውስጥ ለሚተከሉት የንፋስ ተርባይኖች እግር የሚሆኑት የብረት ቱቦዎች፣ መርከብ እስኪያነሳቸው ድረስ የሚያርፉት ወደቡ ሜዳ ላይ ነው፤ አንዱ ቱቦ ብቻ ከሺህ ቶን በላይ ይመዝናል። መሬቱ ያንን ሁሉ እንደሚሸከም አጥንታ የምትፈርመው እሷ ነበረች።

ቱቦዎቹን የማጓጓዙ ሥራ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ተሽከርካሪዎቹን ከፊት እየሄደ መንገድ የሚያሳየው ሽማግሌው ሊያው በጠዋቱ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ።

«ኢንጂነር፣ ያ የምሥራቁ ጥግ አላማረኝም። ዝናብ ካባራ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ይተኛበታል። ልጅ ሳለሁ የእኛ የዓሣ ኩሬ እዚያ ነበር። አሸዋ ደፉበት እንጂ ጭቃውን ያወጣው የለም። እስቲ አንዲት ጉድጓድ ብቻ አስቆፍሪ።»

የመቆፈሪያው ማሽን ሌላ ቦታ ሄዷል። የሰሜን ምሥራቁ ንፋስ ከገባ ደግሞ ባሕሩ እስከ ሚያዝያ አያሠራም፤ አለቃዋ በቀን ሁለቴ ይደውላል። ጉድጓዶች በየሃምሳ ሜትሩ አስቆፍራለች፤ ጥጉ ላይ ግን አንድም አልነበረም። ይህን ታውቃለች። ያናደዳትም ማወቋ ነው።

«አጎቴ ሊያው፣» አለች ሠላሳ ሰው ፊት፣ «እኛ አፈር የምንመረምረው በመሣሪያ ነው። በልጅነት ትዝታ ቢሆንማ ወደቡን ዓሣ አርቢዎች ይሠሩት ነበር!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «አጎቴ፣ ዓሣዎቹስ እስካሁን አሉ?» አለ አንድ ሾፌር። ሊያው የራስ ቁሩን አጠለቀና «እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ወጣ።

ሥራው በተጀመረ ዕለት፣ የመጀመሪያውን ቱቦ የተሸከመው ተሽከርካሪ ጥጉ ጋ ሲደርስ መሬቱ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ሰመጠ። ቀድሞ ያየው ሊያው ነበር። «ቁም! ዝለል!» ብሎ ጮኸ፤ ሾፌሩ ዘሎ አመለጠ። ቱቦው ሲንሸራተት የተበጠሰ ሰንሰለት ተወርውሮ የሊያውን እግር ሰበረው።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ስብሰባ ጠራ። «ሊያው ተሽከርካሪውን ከተሰመረው መንገድ አውጥቶት ይሆናል፣ አይደል?» አለ ወደ ሹዌን እያየ።

ተሽከርካሪው ከመስመሩ ጣት ታህል እንዳልወጣ ሹዌን በዓይኗ አይታለች።

«ይሆናል» አለች። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ቃሉም በቃለ ጉባኤው ተጻፈ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። ሊያው እግሩ በጄሶ ታስሮ የሩዝ ገንፎ ይበላል፤ ሚስቱ ዘይቱን ትልጣለች።

«አየሽ፣ ሥራዋን ጥላ መጣች! መቀመጫ ስጫት እንጂ» አለ ሚስቱን። ከዚያ ወደ ሹዌን ዞረ። «ከመስመር አውጥቷል ብለው ጻፉ አሉኝ። አንቺ ቆመሽ ስታዪ አልነበር? ትነግሪያቸዋለሽ መቼም።»

ሹዌን ሚስቱ የሰጠቻትን ዘይቱን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች።

«ምኑን?»

«አውጥቶት ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሊያው ገንፎውን ገፋ አደረገ።

«የሳቃችሁብኝን ችዬው ነበር፤» አለ፣ «ይሄን ግን አልችለውም። በይ ሂጂ ልጄ።»

ቢሰድባት ይቀላት ነበር። ደረጃውን ስትወርድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያወቀባት ይመስል አንገቷን ደፍታ ነበር።

ቢሮ ገብታ ያልተቆፈረውን ጉድጓድ፣ የሽማግሌውን ማስጠንቀቂያና የራሷን ውሸት በእጇ ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠች። በማግስቱ ጠዋትም ያንኑ ወረቀት ሠራተኞቹ ፊት አነበበችው። ያ የቀለደው ሾፌር ጫማውን ጫማውን ያያል።

በሊያው ላይ የተጻፈው ተሰረዘ። እሷ የመፈረም ሥልጣኗን ተነጠቀች፤ መርከቡም ባዶውን ተመለሰ። ጥጉ ሲቆፈር ከስድስት ሜትር በታች እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ ተገኘ። ንፋሱ እስኪያልፍ ድረስ እያወጡ ድንጋይ ሞሉበት።

ሊያው ከወራት በኋላ በምርኩዝ መጥቶ የቀረውን የኩሬውን ዳር ለቆፋሪዎቹ ያሳይ ጀመር። ሹዌን ችካል ተሸክማ ከኋላው ትከተላለች፤ እሱ በምርኩዙ የነካው ቦታ ላይ ትተክላለች። ያን ቀን አላናገራትም። በማግስቱም ችካሏን ይዛ መጣች።