ሳይቀመስ የተጋገረው እንቁላል

ማዘንጊያ ከሃያ ዓመት በላይ የፋሲካን ዶሮ ወጥ በጾም አፏ ሠርታለች፤ ጨው በዝቶባት ግን አያውቅም። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ እንፋሎቱን ታሸታለች፤ አለቀ። «ቀምሶማ ማን ያቅተዋል?» እያለች ትኩራራ ነበር። በዚህች ኩራቷ ላይ ደርሶ የሚነካካት ሰው አልነበረም፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

አሜሪካ፣ ግሮቭ ሲቲ ባለው መጋዘን አብራት ካርቶን የምታሽገው ሜክሲኳዊቷ ሉፔ «ኦቭኔ ተበላሸ» ብላ ስታዝን፣ ማዘንጊያ ሳታመነታ «እኔ እሠራልሻለሁ» አለቻት። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት የቀረው የሠራተኞች የጋራ ቁርስ ዓርብ ሊደረግ ነው። ሱፐርቫይዘሩ የሉፔን የእንቁላል ጋገራ ከወደደው፣ ለግንቦቱ ግብዣ የመቶ ሰው ቁርስ ሊያዛት ቃል ገብቷል። ሉፔ ከመጋዘን ወጥታ ምግብ እየሸጠች ለማደር ከተመኘች ቆይታለች። ማዘንጊያ ዲቪ ደርሷት እንደመጣች፣ እንግሊዝኛው አፏን ሲያስራት፣ የስካነር አያያዝ እጇን ይዛ ያስተማረቻት ይህችው ሉፔ ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ትሪ ላይ ማንጠፍ፣ ጥቁር ቦሎቄና አረንጓዴ ቃሪያ መደርደር፣ ነጩን የሜክሲኮ ቺዝ ፈርፍሮ መነስነስ፣ የተመታ እንቁላል ማፍሰስ፣ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር፣ ጠዋት መጋገር። «ጨው ከመጨመርሽ በፊት ግን ቺዙን ቅመሺው» አለቻት ሉፔ። ማዘንጊያ «እሺ» አለች። ሁዳዴ መሆኑን፣ ቺዝ ከአፏ እንደማይደርስ አልነገረቻትም።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ቺዙን ስትፈረፍረው ቁርጥ አይብ መሰላት። አይብ ደግሞ ጨው የለውም። ስለዚህ ጨውን እንደለመደችው በደንብ አድርጋ ጨመረች። አፍንጫዋን ብታስጠጋም ቀዝቃዛ እንቁላል የሚነግራት ነገር አልነበረም። የማትጾመው ልጇ ሮሃ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። «ነይ ቅመሽልኝ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜዋ፣ በጨው ጉዳይ፣ ሮሃ ልትፈርድባት?

ዓርብ በቁርስ ሰዓት የዕቃ ማንሻው የፎርክሊፍት ነጂ ዴሪክ የመጀመሪያውን ጎርሶ ፊቱን ቋጠረና ወደ ውሃው ሮጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሱፐርቫይዘሩም ቀመሰና ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ይሄን ማን ነው የሠራው?»

ማዘንጊያ ያን ጊዜ ያለችውን ስታስታውሰው እስከ ዛሬ ጆሮዋ ይግላል። «እኔ እሷ እንዳለችኝ ነው የሠራሁት» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። «የጨውን ልክ የነገረችኝ ሉፔ ናት።»

ሉፔ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያም «አዎ፣ የኔ ጥፋት ነው» አለች።

«ግድ የለም፤ ለግንቦቱ ዶናት እናዛለን» አለ ሱፐርቫይዘሩ፣ የሉፔን ትከሻ መታ መታ አድርጎ። ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር በሁለት ደቂቃ አለቀ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ማዘንጊያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ የመጋዘን ወለል ግን ሲሚንቶ ነው። ረመዳን ስለሆነ ምንም ሳትቀምስ ጥግ የተቀመጠችው የአገሯ ልጅ ኸይሪያ ጠጋ አለቻት።

«እትዬ ማዘንጊያ፣ ይሄ ቺዝ እኮ ራሱ ጨዋማ ነው፤ አልቀመሱትም አይደል?»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ!»

«እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ» አለች ኸይሪያ ቀስ ብላ። «ግን ውሸት ጾም ያፈርሳል ሲሉን ነው ያደግነው።»

ማዘንጊያ ተነሥታ ሉፔ ወደምታሽግበት ሄደችና ጾሙንም፣ አይቡንም፣ ጨውንም ሳታስቀር ነገረቻት። ሉፔ ማሸጓን አላቆመችም።

«ገና ስጎርስ አውቄዋለሁ» አለች። «ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። አሁን ለኔ ምን ያደርግልኛል? የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

እረፍቱ አልቆ ሰዉ ተበትኗል። ሱፐርቫይዘሩ የጭነት በሩ ጋ ከእነዴሪክ ጋር ቆሟል፤ ፎርክሊፍቱ ያጓራል። ማዘንጊያ ተጠግታ በለሆሳስ ነገረችው።

«አልሰማሁሽም፤ ጮክ በይ!»

«ሉፔ አይደለችም!» ብላ ጮኸች። «ጨዉን ያበዛሁት እኔ ነኝ! ዋሽቻለሁ!»

ዴሪክ ሞተሩን አጠፋ። አሁን ማንም አልሳቀም። ሱፐርቫይዘሩ «ታዲያ ሉፔ ራሷ ስትሠራው ጥሩ ነው?» ሲል ጠየቃት።

ሉፔ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ከቤት ካመጣችው ጋገራ እየቆረሰች ስታቀርብላት፣ ማዘንጊያም ዓርብ የጾም ቀኗ መሆኑን ሳትናገር ሳህኑን ስትመልስላት ኖራለች። ከዋሸችው ሁሉ ይልቅ ይኼኛው እውነት አሳፈራት።

«አላውቅም» አለች። «አንድም ቀን ቀምሼላት አላውቅም።»