ሌዘሩን ከቤቴ አመጣለሁ

ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የቆዳ ነጋዴውን ዓለምነውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ደግሞ ዓለምነው ራሱ ፈጥሮ የሚያወራለት ሰው ነው። ዓለምነው ቆዳ ይሸጣል፤ ወሬ ግን በነፃ ያድላል። ወለላ የምትባለው በቅሎው ጉና ተራራ ላይ አንድ ጊዜ ብታነጥስ የሦስት ገበሬ ድንች ሳይቆፈር ከመሬት ወጥቶ፣ ባለቤቶቹ ጆንያ ይዘው ሮጡ ይላል። የሚጠራጠር ካለም «ውሸት ከሆነ የልጆቼን አባት ያሳጣኝ!» ብሎ ይምላል።

ዘንድሮ ወሬው እንዳለ ሆኖ ዓይኑ ደከመ። ግራው ድሮም ለወጉ ያህል የተቀመጠ ነበር። የቀኙን ሞራ ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪም ገፎለት፣ ከዚያ ወዲህ ገበያው ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ይታየው ነበር። አሁን ጭጋጉ ተመልሶ መጣ። የጉና ጭጋግ እንኳ ረፋድ ላይ ይነሣል፤ የእሱ ግን ዓይኑ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ተቀመጠ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር ለቆሙት መሪጌታ ዝቅ ብሎ «እንደምን አደሩ አባቴ?» ቢል መልስ የሰጠው አህያ ነው። ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ። ገበያው ሲስቅ ዓለምነውም አብሮ ሳቀ፤ ቤቱ ሲገባ ግን አልሳቀም። የበጉን ቆዳ ከፍየሉ በእጁ ዳስሶ ይለያል፤ መቶ ብሩን ከሃምሳው ግን እጅ አይለይለትም።

ሆስፒታል ሄደ። የዓይን ክፍሏ ሲስተር እመቤት በመብራት አየችው።

«አባባ፣ ሞራው የተገፈፈበት ቦታ ላይ ስስ ሽፋን መጥቶበታል። አይስጉ፣ በሌዘር ይሠራል። ማክሰኞ ይምጡ።»

ዓለምነው ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቅ ወጣ። ምን ያድርግ? ሌዘር የሚለው ቃል ጆሮውን ሞልቶት ነበራ! ዕድሜውን የጨረሰው በሌዘር ነው። ሌዘር ጃኬት፣ ሌዘር ቀበቶ፣ ሌዘር ቦርሳ፤ ሁሉም ቆዳ ሆነው በእጁ ያለፉ ናቸው። ቤቱ እንደደረሰ ሚስቱን ፈንታነሽን አስቀምጦ አስረዳት።

«እኛ በግ ስናርድ አስቀድመን ቆዳውን፣ ቀጥለን ሞራውን እናወጣለን አይደል? እነሱ ተገላቢጦሽ ናቸው። ያኔ ሞራዬን ገፈፉ፣ አሁን ቆዳ ሊያለብሱኝ ነው።»

«ዓይንህን? ቆዳ?»

«ሌዘር! ሲስተሯ በአፏ ነው የነገረችኝ። ስስ ሽፋን ብላለች።»

«አንተ ሰው፣ ቆዳ ለብሰህ ደግሞ በምንህ ታያለህ?»

«ከበሮስ ቆዳ ለብሶ ይሰማ የለ?»

ፈንታነሽ ቡናዋን ልትቆላ ተነሣች።

ወዲያው ጎረቤታቸው ባዩ ደረሰ። ባዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወለላን ሲያይ ግን ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው። ይህቺን በቅሎ ሽጥልኝ ሲል አምስት ዓመት ሆኖታል። የሌዘሩን ነገር ሲሰማ ፊቱ በአንድ በኩል አዘነ፣ በሌላ በኩል በራ።

«ሌዘር? ወይ ጉድህ! የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ላይ መነጽሯን ለመጣል እሱኑ አይደል ያሠራችው? ዋጋው አይጠየቅም።»

«ስንት ነው?»

ባዩ በመስኮቱ አሻግሮ ወለላን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ለካት። «ልክ የአንዲት በቅሎ ዋጋ ነው» አለ።

«ለአንዲት ቁራጭ ቆዳ?»

«የጣሊያን ሌዘር ነዋ! በአውሮፕላን ነው የሚመጣ። ደግሞስ ወንድሜ፣ ዓይን ከሌለህ በቅሎ ምን ታደርግልሃለች? ማክሰኞ አብሬህ እመጣለሁ፤ ብሩን እዚያው በር ላይ እቆጥርልሃለሁ።»

ባዩ ሲሄድ ዓለምነው ጋጣው ውስጥ ገብቶ የበቅሎውን አንገት አቅፎ ቆመ። ወለላ በትንፋሿ ጆሮውን አሞቀችው። ይህቺ በቅሎ በዝናብም በጨለማም ቤቱ አድርሳዋለች፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህማ መንገዱን የምታይለት እሷ ናት። ዓይኑን ሊገዛ ዓይኑን ሊሸጥ!

እንዲህ እንደቆመ ነው ሐሳቡ የመጣለት። እየጮኸ ወጣ።

«ፈንታነሽ! ለልብስ ሰፊ ጨርቁን ከቤትሽ ይዘሽ ስትሄጂ የምትከፍይው ምንድን ነው?»

«የእጅ ዋጋውን ነዋ።»

«በቃ! ውድ ያደረገው የጣሊያኑ ቆዳ ነው። ሌዘሩን ከቤቴ አመጣለሁ!»

«ዋጋውን እዚያው ብትጠይቅ አይሻልም?»

«የቆዳ ዋጋ ለእኔ ነው የሚነገር?»

ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። የጉና ጠቦት ቆዳ መረጠ፤ ፋቀው፣ ቅቤ ቀባው፣ አሸው፣ ደግሞ አሸው። ቆዳው ከመለስለሱ የተነሣ ዝንብ ስታርፍበት እያንሸራተተ ይጥላት ነበር ይላል፤ እሱ ነው ያለው እንግዲህ። ፈንታነሽ በበኩሏ አንድ ነገር መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች።

ማክሰኞ ባዩ ኪሱን አሳብጦ የወለላን ልጓም ይዞ ሆስፒታሉ በር ላይ ቀረ። ዓለምነው ከፈንታነሽ ጋር ገብቶ ቆዳውን ሲስተር እመቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«አባባ፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሌዘሩ ነዋ ልጄ! እንከን የለበትም፣ ዳብሺው። ከመካከሉ ቁረጡ፣ ዳር ዳሩ ይሻክራል። ሌዘሩ ከእኔ ስለሆነ የእጅ ዋጋ ብቻ ንገሪኝ።»

ሲስተር እመቤት አፏን በእጇ ያዘች። አልሆነላትም። ወንበሩን ይዛ ሳቀች፣ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፤ ሐኪሙ ምሕረትአብ ምን ሆነች ብሎ ከውስጥ ሮጦ ወጣ። ነገሩን ሲሰማ እሱም ቆዳውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ቆዳ አይቼ አላውቅም። ግን የእኛ ሌዘር ቆዳ አይደለም። ስማቸው ነው የገጠመው። የእኛው ብርሃን ነው፤ ያንን ስስ ሽፋን ብቻ ይከፍትልዎታል።»

«ብርሃን?» ዓለምነው ደነገጠ። «ብርሃኑስ ከጣሊያን ነው የሚመጣ?»

«ከዚህ ከግድግዳው ሶኬት ነው!» አለች እመቤት እንባዋን እየጠረገች።

«ዋጋውስ? የእውነቱን ንገሪኝ ልጄ። በቅሎዬ በር ላይ ቆማለች።»

«የምን በቅሎ?»

የባዩን የእህት ልጅ ነገር ነገራት። እመቤት ሳቋን ገታች። «እሱ መነጽር ለመጣል የሚሠራው ነው አባባ፤ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ማሽን፣ ሌላ ዋጋ። የእርስዎ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጤና መድን አለዎት?»

ዓለምነው አንገቱን ደፋ። በየዓመቱ መዋጮው ሲመጣ «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ? በሽታውን በቀብድ ልግዛ እንዴ?» እያለ ሰብሳቢዎቹን ሲያስቃቸው ነው የኖረው። «እኔ እንኳ...» ሲል ፈንታነሽ መቀነቷን ፈታች።

«እሱ ሲቀልድ እኔ እየከፈልሁ ነበር። ይኸው፣ ዘንድሮም ታድሷል።»

እመቤት የጤና መድኑን ደብተር አየችና «እንግዲያው ከኪስዎ የሚወጣ የለም» አለች።

ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ጨመሩ፤ አገጩን ማሽን ላይ አስደገፉት። ቀይ ነጥብ አየ፤ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማ። ሕመም ሲጠብቅ «አለቀ» አሉት።

«ጠብታው እስኪለቅዎ ዛሬ ይደበዝዛል፤ ነገ ይጠራል» አለችው እመቤት።

ፈንታነሽ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ዓለምነው እየተደናቀፈ ሲመጣ ባዩ አየውና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ተሠራ? ሒሳቡስ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

ዓለምነው እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። አፉ ግን ሲከፈት የለመደው ሌላ ነው። «ሌዘሩን ከቤቴ አመጣኋ! እንዲያውም ትርፍ ሆኖ መለሱልኝ» ብሎ ቆዳውን አሳየው። ፈንታነሽ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

ባዩ ስልኩን አውጥቶ፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ሰዓት አየ፤ ቀረብ ያለ ነገር አልታይ ካለው ሰንብቷል። «ለእኔስ የሚሆን ይኖራል?»

«ለአንተ የበሬ ነው የሚሻል። ወፍራም ነው፤ ዕድሜ ይሰጣል።»

በማግስቱ ጠዋት ዓለምነው ከቤቱ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉና ከነሸንተረሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። የገብሱ ዘለላ አንድ በአንድ ይታያል። ፈንታነሽ ውኃ ይዛ ስትመጣ ትክ ብሎ አያት።

«አንቺ፣ መቼ ነው የሸበትሽ?»

«አንተ ለአህያ ሰላምታ ስትሰጥ ነዋ!»

ተቃቅፈው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ወለላን ጫናትና አጠገቧ ቆሞ፣ ዓይኗ ጥግ ያለችውን ትንሽ ነጭ ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ አያት።

በሳምንቱ ዓለምነው በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ከሆስፒታሉ በር ማዶ ጥላ ይዞ ጠበቀ። ባዩ ከእሱው የገዛውን አንድ ሙሉ የበሬ ቆዳ ተሸክሞ ሲገባ አየ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሲስተር እመቤት ሳቅ መንገድ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ባዩ ወጣ፤ ቆዳው ትከሻው ላይ፣ የማንበቢያ መነጽር አፍንጫው ላይ። መነጽሩን ወደ ታች ገፍቶ በላዩ አሻግሮ ሲያይ ዓለምነውን አገኘው።

«አንተ የዋሾ ልጅ! የቆዳዬን ብር መልስ!»

«አንተ የአንዲት በቅሎ ዋጋ ነው ያልኸኝን ውሸት ስትመልስ!»

ባዩ ሊቆጣ ሞከረ፤ ጢሙ ሥር ግን ፈገግታው አመለጠው። ዓለምነው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያችን ፈገግታ አያት፤ የጎደለችውን ጥርስ እንኳ ሳትቀር አያት። ከወለላ ወርዶ ቆዳውን ከባዩ ትከሻ ተቀበለውና ኮርቻው ላይ ጣለው።

«ና፣ ብርህን በጠላ እመልስልሃለሁ» አለው። «ስንሄድ ደግሞ ስለ ሌዘሩ ልንገርህ። ሲሠሩልኝ ብርሃኑ ከመጠን በላይ ገባ። አሁን ሲመሽ ትርፉ በዓይኔ ይወጣና ወለላ መንገዷን በእሱ ነው የምታይ። ውሸት ከሆነ የልጆቼን አባት ያሳጣኝ!»