መናፈሻውን የሚያየው ክፍል

ፎቅ ቤቱ ከጣሊያን በፊት የተሠራ ነው ይባላል። ማን እንዳሠራው ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ አንዱ ባላባት ነው ይላል፣ ሌላው ነጋዴ ነው ይላል። ብርነሽ የምታውቀው የእንጨት ደረጃው ሲወጡበት ሲጥ ሲጥ እንደሚል ነው። ከገባችበት ቀን ጀምሮ፣ «አንድ ቀን ከነልጆቼ ይዞኝ ይወርዳል» እያለች በግድግዳው ጥግ በኩል ነው የምትወጣው።

የትርፍ ቤት አዋጁ ቤቱን ከወረሰው በኋላ ስድስት አባወራ ተከፋፍሎታል። ስድስቱ ማኅበር አላቸው። ደረጃውን በተራ ያጥባሉ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ተባብረው ያስጠግናሉ፣ የጓሮውን መሬትም ለእንሰት ተካፍለውታል። አንድ ክፍል ሰው የለበትም ሲባል ቀበሌው አስቀድሞ እነሱን ይጠይቃል። ይመለሳል ካሉ ይጠበቅለታል፤ ለቋል ካሉ ይታሸግና ለሌላ ይሰጣል። ሊቀ መንበራቸው ምድር ቤት የሚኖሩት፣ የጋሪ ፈረስ ልጓምና ኮርቻ የሚሰፉት አቶ ባፈና ናቸው።

ከክፍሎቹ ሁሉ ሰው የሚመኘው ላይኛውን የጵርስቅላን ክፍል ነበር። መስኮቱ የከተማውን መናፈሻ ፊት ለፊት ያያል። ጠዋት ፀሐይ ከጽዶቹ መሐል ወጥታ ቀጥ ብላ አልጋው ላይ ታርፋለች። ጵርስቅላ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖርበታለች። ከብርነሽ ጋር የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው።

ትምህርት ቤት ለክረምት በተዘጋ ማግስት ጵርስቅላ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች።

«እትዬ ብርነሽ፣ እናቴ አገር ቤት ሙዱላ ታማብኛለች። ቁልፉን ላንቺ ልተወው። ጠዋት መስኮቱን ክፈቺልኝ፣ ማታ ዝጊልኝ። ጓሮ ቆጮ እንዲብላላ የቀበርኩበትን ጉድጓዴንም ውሻ እንዳይጭረው ዓይንሽን ጣል አድርጊበት። ቤቴን አደራ።»

«ወንዙ ቢሞላስ? መኪና ቢጠፋስ? አንቺስ ብትታመሚ?»

«እትዬ፣ ገና ሳልነሳ ቀበርሽኝ እኮ!» ጵርስቅላ ሳቀች።

«በስመ አብ! እንዲህ አትበይ።»

ብርነሽ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደታዘዘችው መስኮቱን ስትከፍትና ስትዘጋ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ግን ጠረጴዛው ላይ የጵርስቅላን መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር መጽሐፍ አየች። የእነ ጵርስቅላ ጸሎት ቤት ከታሸገ ቆይቷል፤ ስለተፈተሹ ቤቶችም ብዙ ይወራል። መጽሐፎቹን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ወሰደችና አልጋ ሥር ደበቀቻቸው። ማታ ስትተኛ ደግሞ ሬዲዮው ታወሳት። ክረምት ሌባ ይበዛል፤ ዝናብ ኮቴን ይሸፍናል። በማግስቱ ሬዲዮውን አመጣች። ከዚያ ብርድ ልብሱን፣ ሰሃኖቹን፣ ፍራሹን፣ ወንበሮቹን።

ልጇ ሂሩት ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ይዛ እያለከለከች፣ «እማዬ፣ ምን ቀረ? ግድግዳውንም እናምጣው?» አለቻት።

«ዝም ብለሽ ያዢ። አደራ ሲጠፋ የሚጠየቀው ተቀባዩ ነው።»

ክፍሉ ባዶ ከሆነ መስኮት መክፈት ለሌባ መንገድ ማሳየት መሰላት። ዘጋችው፤ ከውስጥ በሽቦም አሰረችው። አንድ ቀን ደግሞ ጉድጓዱን የሸፈነው ኮባ በጥፍር ተጭሮ አገኘች። ከሂሩት ጋር ድንጋዮቹን አንስታ ቆጮውን አወጣችና በአዲስ ቅጠል ጠቅልላ ማድቤቷ አስገባችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ባሏ ኃይለ ማርያም ማታ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ በወንበሮች መሐል እየተሽሎከለከ፣ «ለመሆኑ ከቤቱ የተሰደደው ማን ነው፣ እሷ ናት እኛ?» አለ።

ብርነሽ አልሳቀችም። ከጵርስቅላ ወሬ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በሙዱላ በኩል መንገዱ በጭቃ መዘጋቱን ሰምታለች። ለወሬው መጥፋት ያላሰበችው ክፉ ምክንያት አልነበረም። እቃው ግን ደህና ነው፤ ይህን እያሰበች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

የቀበሌው የቤት ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ወንዳፈረው የመጣው ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ጠዋት ነው። ከኋላው አቶ ባፈና እጃቸው ላይ የቆዳ ሰም እንደተለጠፈ ደረጃውን ወጡ።

«ይሄ መስኮት ከተዘጋ ከረመ» አለ ወንዳፈረው። «ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ጓደኛ ቤት ተጠግቷል። አቶ ባፈና አስተማሪዋ ትመለሳለች ይሉኛል። እስቲ ይከፈትና እንየው።»

ብርነሽ ቁልፉን አምጥታ ከፈተች። በባዶው ወለል ላይ የአልጋው እንጨት ብቻ ቀርቷል።

«ታዲያ ምን ላይ ልትቀመጥ ነው የምትመለሰው?» አለ ወንዳፈረው።

አቶ ባፈና «ቆዩኝ» አሉ። ቀስ ብለው ደረጃውን ወርደው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ጉድጓዷ ባዶ ነው» አሉ። «እቃ ምንም አይደል፤ እቃ ይሸጣል፣ ለዘመድ ይሰጣል። ቆጮዋ ተቀብሮ ባገኘው ግን እስከ አውራጃው ድረስ ሄጄ እከራከርላት ነበር። እዚህ አገር ሰው ቆጮውን ቀብሮ ቤቱን አይለቅም። ጉድጓዱን ባዶ አድርጎ የሄደ ግን... ሄዷል። ምን እላለሁ?»

ያን ጊዜ ጵርስቅላ ስለ ጉድጓዱ ለምን እንዳስጠነቀቀቻት ለብርነሽ ገባት። ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው እዚህ ቢወልዷትም፣ ቆጮ ስትበላ ብታድግም፣ ከሚበላ ነገርነቱ በላይ አስባው አታውቅም ነበር።

«ወይዘሮ ብርነሽ» አለ ወንዳፈረው፣ «ጎረቤት ነዎት። የሚሉት አለ?»

ሁሉም ነገር ከግድግዳው ወዲያ ነው። ግን እኔ ጋ ነው ብትል ገብተው ያዩታል። አልጋ ሥር ያሉትን መጽሐፎች ያገኛሉ። ኃይለ ማርያም ከሥራው ይባረራል፤ ምናልባትም ይታሰራል። ልጆቹስ? ሐሳቧ ከአንዱ መዓት ወደ ሌላው ሮጠ።

«ትመለሳለች» አለች።

«በምን ያውቃሉ?»

«እመለሳለሁ ብላለች።»

«ሰው ብዙ ይላል» አለና ወንዳፈረው በሩን ቆልፎ የማሸጊያ ወረቀት ለጠፈ።

ኮቴው ከደረጃው እንደራቀ አቶ ባፈናን ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «ጋሼ ባፈና፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት! ሁሉም እኔ ጋ ነው፤ አንድ ማንኪያ አልጎደለም!»

አቶ ባፈና ትክ ብለው አዩዋት። «ቆጮውንም?»

«ውሻ እንዳይበላው ብዬ።»

«ውሻ ቢበላ ስንቱን ይበላው ነበር?» አሉ በቀስታ።

በማግስቱ ቀበሌ አብረው ሄዱ። ብርነሽ መጽሐፎቹን ዘመድ ቤት አሽሽታ ነበርና አሁን ሁሉን ተናገረች። ወንዳፈረው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ትናንት ስጠይቅዎ የት ነበሩ? ቤቱ ለሠራተኛው ተመርቷል፤ ማኅበራችሁም ሄዷል ብሏል» አለ። አቶ ባፈና ተቆጡ፣ ለመኑም፤ የተለወጠ ነገር የለም።

ጵርስቅላ መስከረም ሲጠባ በጋሪ መጣች። እናቷ በጋቢ ተጠቅልለው ትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል። ብርነሽ ከታች በር ላይ ቆማ አየቻቸው። ጵርስቅላ ግን ዓይኗ ወደ ላይ ነበር።

«ተመስገን! እትዬ፣ ይኸው ዛሬም ከፍተሽልኛል» አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ፣ «አየሽው መስኮቱን? እዚያ ሥር ነው የማስተኛሽ። ፀሐይ ትሞቂያለሽ፣ ዛፉን ታያለሽ» አለቻቸው።

በዚያው ቅጽበት አንዲት ጵርስቅላ የማታውቃት ሴት በመስኮቱ ብቅ ብላ አንሶላ አራገፈች።

ብርነሽ እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ጵርስቅላ አልጮኸችም፤ አልሰደበቻትም። ብርነሽ ብትሰድባት ትመርጥ ነበር። ጵርስቅላ እናቷን እዚያው ጋሪው ላይ አስቀምጣ ወደ ብርነሽ ቤት ወጣች፤ ሬዲዮዋን፣ ሰሃኖቿን፣ ወንበሮቿን ተራ በተራ አየች። አንድም የተሰበረ አልነበረም።

«በጣም ጠብቀሽልኛል» አለች።

ቆጮውን ገለጥ አድርጋ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። «ገና ነበር፤ አልደረሰም።» መልሳ ሸፈነችው። «ፎንቆ ከተማ አክስቴ ዘንድ ነው የምንሄደው። ይሄን ጋሪው አይችለውም፤ እዚሁ ይቅር።»

ጋሪው እቃውንና አሮጊቷን ጭኖ በመናፈሻው ጥግ ታጠፈ። ብርነሽ ቆጮውን በዘንቢል አድርጋ ወደ ጓሮ ወረደች። የጵርስቅላን ጉድጓድ ጠርጋ፣ አዲስ ኮባ አንጥፋ፣ መልሳ ቀበረችው። የምትችለውን ድንጋይ ሁሉ ጫነችበት።

አቶ ባፈና ልጓም እየሰፉ ከደጃፋቸው ሲያዩዋት ቆዩ። «ቦታው ለአዲሶቹ ሰዎች ተሰጥቷል እኮ» አሉ። «መቼ ልታወጪው ነው?»

«ባለቤቷ ስትመጣ» አለች ብርነሽ።

አቶ ባፈና ልጓሙን አስቀመጡ። ከደጃፋቸው ትልቅ ድንጋይ አንስተው አመጡና ከሌሎቹ በላይ አስቀመጡት።