ወደ ውስጥ የተሳበ አዎታ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ከገባነው ሐበሾች መካከል እንደ እኔ፣ እንደ ጋሻው፣ የተፈራ የለም። እኔ ራሴ የምፈራው ግን አንድ ሰው ነበር፤ የፊንላንዱ ኢንጂነር ኦስሞ ሬንታላ።

ሬንታላ ባተርሲ፣ ወንዙ ዳር ያለው የሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ነው። በቀን አንድ ሚሊዮን አንሶላ እናጥባለን። እሺ፣ አርባ ሺህ። ሰውየው የተወለደው ሐይቅ ዳር፣ እንጨት መሰንጠቂያ ባለበት መንደር ነው። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተማረ፤ ወረቀት ፋብሪካ ተቀጥሮ የሠራተኛውን እንቅስቃሴ በሰከንድ ሲለካ ኖረ፤ ከዚያ ሦስት ፋብሪካ እስከ መምራት ደረሰ። እኔ ለሰው ሳወራ ሠላሳ ነው የምለው። በዚህ ሁሉ ዘመን እሱ ያለበት ማሽን ሰው ገድሎ አያውቅም ይባላል። ሳይስቅ የሚኖረውም ለዚሁ ይመስለኛል። ብቅ ሲል ማሽኑ ራሱ ድምፁን ይቀንሳል።

እኔን ግን ወደደኝ። ለምን ብትሉ፣ የአገሩ ሰው እንደ እኛው “አዎ” ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል! እንግሊዞቹ የደነገጠ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ሳብ አደረግኩለት፤ እሱም መልሶ ሳብ። ከዚያ ወዲህ ፊንላንድኛ አቀላጥፋለሁ ብዬ አስወራሁ።

ሬንታላ አንድ ሕግ አለው። ድራየሩ፣ ማለትም አንሶላው የሚደርቅበት ክፍል የሚያህል ከበሮ፣ ከመነሣቱ በፊት ከመቆጣጠሪያው ላይ ሆኖ “ባዶ ነው?” ይላል። ድራየሩ አጠገብ ያለው ሰው ይመልሳል።

አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ አንሶላ ተጠምጥሞ ድራየሩ ቆመ። አልታየሽ ልትፈታው ውስጥ ገባች። አልታየሽ የኬንቲሽ ታውን ሰፈሯ፣ አፏ የማያርፍ ባልደረባዬ ናት። ከከበሮው ሆድ ሆና ታወራኛለች።

“ለካውንስሉ የኪራይ ቤት አፕላይ ካደረግኩ አራት ዓመቴ እኮ ነው!”

“ለእኔ ብትነግሪኝ በአንድ ስልክ...”

“አንተማ ቤተ መንግሥቱንም ታከራየን ነበር! ይልቅ ስማኝ፣ ትናንት ደወሉልኝ...”

“እህ” ብዬ ትንፋሼን ሳብኩ። ቀጥይ ማለቴ ነው።

ቀና ስል ሬንታላ መቆጣጠሪያው ላይ ቆሞ አፍ አፌን ያየኛል። “ባዶ ነው?” ብሎ ኖሯል። ጥያቄው የገባኝ መልሱን ከሰጠሁ በኋላ ነው።

የበሩን በተን ተጫነ፤ በሩ መዘጋት ጀመረ። የአልታየሽ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። የሬንታላ ጣት ወደ አረንጓዴው በተን ሄደ። እሱ ከተነካ ከበሮው ይሽከረከራል፣ እሳት የመሰለ ነፋስም ይለቀቃል። ልጮህ አልኩ። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ያለ ማይክ ጸጥ የማሰኝ ሰውዬ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ከድንጋጤ የተነሣ አሁንም ትንፋሼን ሳብኩ። ሌላ አዎ! ሬንታላ ራሱን ነቀነቀልኝ።

“አይ! አይ! አይ!” የሚል ጩኸት በመጨረሻ ከአፌ ወጣ።

ጣቱ አየር ላይ ደርቆ ቀረ። በእሱም ቋንቋ “ኤይ” ማለት “አይ” ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ኋላ ነው።

በሩ ሲከፈት አልታየሽ ላቧን እየጠረገች ወጣች። “ማነው በሩን የዘጋብኝ? ደግሞ ምን ያስጮህሃል?” አለች። ፊታችንን አየች። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

ሬንታላ እንደ አንሶላዎቹ ነጥቶ መጣ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩት። ስንት ዓመቴ ይህን ካልኩ!

“በቃል መልሱ ያላልኩ እኔም አጥፍቻለሁ” አለና ኮቱን አውልቆ ከበሮው ውስጥ ገባ። “መቆጣጠሪያው ላይ ቁም። በሩን ዝጋ። ጠይቀኝ።”

“ኧረ እባክዎ ሚስተር ሬንታላ!”

“ዝጋ!”

ዘጋሁ። “ባዶ ነው?” ብዬ ጮህኩ። ዝም። አልታየሽ ተነሥታ መጥታ እጄን ከአረንጓዴው በተን አርቃ ጨመቀችው። “ባዶ ነው?” አሁንም ዝም። ታፍኖ ይሆን? በሦስተኛው ላይ፣ ከጉድጓድ የመጣ የሚመስል ድምፅ “ሰው አለ!” አለ።

ከፈትኩለት። ወጥቶ ትንፋሹን ሰበሰበና ወደ አልታየሽ ዞረ። “አሁን ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ቃል ሳትሰሚ በተኑን አትንኪ።” ቀጥሎ እኔን አየኝ። “አንተ ግባ።”

አልታየሽ እጅጌዋን እየሰበሰበች ወደ መቆጣጠሪያው ሄደች።