የሽፍታው ማሬ ወራሽ

የቀማኛን ዝና የሚመኝ ሰው የቀማኛውን በደልም አብሮ ይወርሳል። ሙሉቀን ይህን የተማረው ዘግይቶ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ካሴት ለማውጣት ሲሰናዳ ድምፅ አላነሰውም፤ ያጣው ስም ነበር። አያቱ ሙላቴ በጉና ብርድ ገብስና ድንች እያመረቱ ሰባት ልጆች ያሳደጉ፣ የሰው ንብረት ያልነኩ ገበሬ ነበሩ። ይህ ግን ለሙሉቀን መድረክ ላይ የማይወጣ ተራ ኑሮ መሰለው። ስለዚህ ሌላ አያት መረጠ፤ ሽፍታውን ማሬን።

ማሬ ማን ነበር? ከገሳይ ገበያ የሚመለሱ ሴቶችን ነጠላ የሚገፍ፣ አሞሌ ጨው የሚቀማ፣ አንድ ሽማግሌ «በቅሎዬን አልሰጥም» ቢሉት ከቁጥቋጦ ውስጥ ተኩሶ የገደለ ወሮበላ! ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሲያልፈው፣ ገፎ ያላራቆታቸው የከተማ ጎረምሶች «የጉና ነብር» ይሉት ጀመር።

ሙሉቀንም የተገዛ ጎፈሬ ደፍቶ፣ የእንጨት ጠመንጃ አንግቶ፣ በጥምቀት ማግስት «የማሬ የልጅ ልጅ!» እያለ ፎከረ። እልልታው ቀለጠ።

በሳምንቱ ሦስት ገበሬዎች ደጁ ላይ ቆሙ። አንደኛው አስማማው፣ የዚያ ባለበቅሎ ልጅ ነው፤ ሁለቱ የአገር ሽማግሎች ናቸው። ሙሉቀን አድናቂዎች የመጡ መስሎት ደረቱን ነፋ።

«የማሬ የልጅ ልጅ አንተ ነህ?» አሉ አዳነ የተባሉት ሽማግሌ።

«አዎን አባባ! ሥጋና ደሙ ነኝ።»

«ተመስገን! ዘር አልተወም ብለን ደሙን ሳናደርቅ ቀርተን ነበር። አስማማው፣ የአባትህ ገዳይ ወገን ይኸውልህ።»

በዚያ አገር ገዳይ ቢሞት ደሙ ወደ ዘመዱ ያልፋል፤ ወይ በዕርቅ ይደርቃል፣ ወይ በጥይት። ሙሉቀን ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ሲፎክር ግን አላሰበውም።

«ኧረ በማርያም! ለማድመቂያ ያልኩት ነው። የእኔ አያት ሙላቴ ናቸው፤ የድንች ገበሬ!»

«የአባቴን ሬሳ በቃሬዛ ተሸክሞ ያወረደው ሙላቴ?» አለ አስማማው። «እሱን ሸጠህ ያንን ገዛህ? በል ጠመንጃህን አምጣ፣ ጀግናው!»

«የ... የእንጨት ናት፣ አያ አስማማው።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። አስማማው አልሳቀም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ በሽማግሎቹ ፍርድ፣ ሙሉቀን በገሳይ ገበያ መካከል ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ቆመ። ማሬ ወሮበላ እንደ ነበረ፣ እሱም ዘሩ እንዳልሆነና ለጭብጨባ ሲል እንደ ዋሸ ጮክ ብሎ ተናገረ። አስማማው ማረው። ካሴቱ አልወጣም፤ ከዚያ ወዲህም ሙሉቀንን ወደ መድረክ የጠራው የለም።